ያልተወራበት ጉዞ

«ባለፈው ክረምት ልጆቼን ከለቡ ጣቢያ በባቡር ድሬዳዋ ወስጃቸው ነበር። ለትኬትና ለሆቴል ያጠራቀምኩት ሁሉ አለቀ። አሁን ስጠይቃቸው ‹ይሞቃል› ከማለት በቀር የሚያስታውሱት የለም። ስንመለስ ደክሞን ስለነበር አንድም ቀን ተቀምጠን አላወራንበትም። ለፋሲካ የማይረሱት ቦታ የቱ ነው? ላንጋኖ ወይስ ቢሾፍቱ?» ከፉሪ

የፉሪዋ እህቴ፣

ላንጋኖንም ቢሾፍቱንም ለጊዜው ተያቸው። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ባነበብኩት ቁጥር የምቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ «አንድም ቀን ተቀምጠን አላወራንበትም»። አንቺ በድካም አሳበሽ አለፍሽው፤ እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ።

እናቴ ገበያ ውላ ስትመለስ ጀበናው ይጣድ ነበር። አቦሉን ዝም ብላ እግሯን እያሻሸች ትጠጣለች። ቶናው ላይ ወሬው ይጀመራል፤ ማንን እንዳገኘች፣ አህያዋ የቱ ጋ እንደደነበረች። በረካው ሲደርስ እኛ ልጆቹ እንገባበታለን፤ «ከዚያስ? ዝናቡ የመታሽ ወንዙን ሳትሻገሪ ነው ተሻግረሽ?» አብሬያት የሄድኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ መንገዱን ግን ዛሬም በቃሌ እነግርሻለሁ።

ሮቢን ፊቩሽ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ይህንኑ የእናትና የልጅ ጨዋታ ለዓመታት አጥንታለች። ያለፈውን ነገር «ማን ነበር? ምን ተሰማህ?» እያሉ፣ የራሳቸውንም እየጨመሩ የሚያወሩ እናቶች ልጆች ያሳለፉትን ይበልጥ አስፍተው ይናገራሉ። «ታስታውሳለህ?» ብሎ ብቻ መጠየቅ ግን ፈተና ነው። አንቺም ከወራት በኋላ ፈተንሻቸው፤ ልጅ ደግሞ ሲፈተን አፉ ይያዛል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ይቆጨኛል። አዳማን፣ መተሐራን፣ አዋሽን በመስኮት ያዩ ልጆች እጃቸው ላይ «ይሞቃል» ብቻ ሲቀር! ድካሙ ይገባኛል። ቡናስ ለደከመው ሰው አይደል እንዴ የሚፈላው?

ለፋሲካ ከደጃችሁ ያለው የፉሪ ተራራ ይበቃችኋል፤ ስትመለሱ ግን በረካው ሳይጠጣ ማንም እንዳይነሳ።

ደግሞ አንድ ነገር። ምን ያህል እንዳወጣሽና ልጆቹ ምን እንደመለሱልሽ ጽፈሽልኛል። አንቺ በዚያ መስኮት ስላየሽው ግን አንድ ቃል የለም። ዛሬ ማታ ከእርሱ ጀምሪላቸው።