ለኬራቶኮነስ የሚሠሩ ልዩ ሌንሶች፦ አመራረጣቸውና አያያዛቸው

መነጽር በተደጋጋሚ ቢቀየርም ፊደል ተደራርቦ መታየቱን፣ በሌሊትም የመኪና መብራት ጨረሩን መበተኑን ካልተወ፣ ችግሩ በመነጽሩ ቁጥር ላይ ሳይሆን በራሱ በኮርኒያው ቅርጽ ላይ ሊሆን ይችላል። ኮርኒያ በተለምዶ የዓይን ብሌን እየተባለ የሚጠራው፣ ብርሃን ወደ ዓይን የሚያስገባው የፊተኛው ግልጽ ሽፋን ሲሆን፣ ይህ ሽፋን እየሳሳ ሄዶ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት የሚወጣበት ሕመም ኬራቶኮነስ ይባላል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በጉርምስና ዕድሜ ጀምሮ ለዓመታት ሊባባስ የሚችል ነው። የኮርኒያው ገጽ ወጣ ገባ ስለሚሆን ብርሃኑ በየአቅጣጫው ይበታተናል፤ መነጽር ደግሞ ይህን መበታተን መልሶ ለመሰብሰብ አቅሙ ውስን ነው።

ጠንካራ ሌንስ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ቅርጹን ስለማይለቅ በእርሱና በኮርኒያው መካከል ያለውን ክፍተት እንባ ይሞላዋል፤ ብርሃኑም ወጣ ገባ በሆነው ኮርኒያ ፋንታ በመጀመሪያ የሚያገኘው ልሙጡን የሌንሱን ገጽ ይሆናል። ተራው ለስላሳ ሌንስ ግን የኮርኒያውን ቅርጽ ተከትሎ ስለሚተኛ፣ ከታች ያለውን ጉድለት ወደ ላይ ይዞት ይወጣል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በዙሪክ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ፊክ በ1888 እ.ኤ.አ. ስለ ሌንስ በጻፈ ጊዜ ያቀረበው፣ በነጩ የዓይን ክፍል ላይ የሚያርፍ ትልቅ የመስታወት ሽፋን ነበር። ኮርኒያ የደም ሥር የሌለውና ኦክስጅኑን በአብዛኛው ከአየር የሚወስድ አካል በመሆኑ፣ መስታወቱ አየር ስለሚከለክለው ከጥቂት ሰዓታት በላይ ሊደረግ አልቻለም። ይህ ትልቅ ሌንስ በሰፊው ወደ ሕክምና የተመለሰው ኦክስጅን የሚያሳልፉ ጠንካራ ፕላስቲኮች ከተገኙ በኋላ ነው።

ዛሬ ኬራቶኮነስ ላለበት ሰው ከሚቀርቡት ሌንሶች ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ዲያሜትሩ ከ9 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚሆነው፣ በኮርኒያው ላይ የሚያርፈው ትንሹ ጠንካራ ሌንስ ሲሆን፣ ለማጠብና ለመያዝ ቀላል ቢሆንም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቆረቁራል፤ አቧራ ሥሩ ሲገባበትም ከባድ ሕመም ያስከትላል። ሁለተኛው ስክሌራል ሌንስ የሚባለው ነው፤ ስሙን ያገኘው ስክሌራ ከሚባለው ከነጩ የዓይን ክፍል ሲሆን፣ ስፋቱ 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ ኮርኒያውን ሳይነካ፣ ውፍረቱ ከሩብ ሚሊ ሜትር ብዙም በማይርቅ የፈሳሽ ሽፋን ላይ ተሻግሮ በነጩ ክፍል ላይ ያርፋል። ኮርኒያው በጣም የሾጠጠበት፣ ዓይኑ የሚደርቅበት ወይም ትንሹን ሌንስ መልመድ ያቃተው ሰው ብዙ ጊዜ የሚረዳው በዚህኛው ነው። ለኬራቶኮነስ ወፈር ተደርገው የሚሠሩ ለስላሳ ሌንሶችም ቢኖሩ፣ ይበልጥ የሚጠቅሙት ሕመሙ ገና ቀላል ሲሆን ነው።

ምርጫው የሚጀምረው ከመነጽር ቁጥር ሳይሆን የኮርኒያውን ከፍታና ዝቅታ በመሣሪያ ለክቶ በቀለም ከሚያሳይ ካርታ ነው። ባለሙያው ከዚህ በመነሣት የሙከራ ሌንስ አድርጎ ከታች ያለው ፈሳሽ በቂ መሆኑን፣ የሌንሱ ጠርዝም በነጩ ክፍል ላይ ያሉትን ደም ሥሮች አለመጨቆኑን ይመረምራል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻ ተልኮ ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የሚመጣ ሌንስ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወደድ፣ ለዚህ ሕመም አስተማማኝ አይደለም። የሌንሱ ፕላስቲክ ኦክስጅን የማሳለፍ አቅምም ሊጠየቅ ይገባል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የአየሩ ኦክስጅን በባሕር ወለል ካለው በሩብ ገደማ ያነሰ በመሆኑ፣ ይህ ጉዳይ ለደጋ ነዋሪ ክብደት አለው። ከሁሉም በላይ ግን ተጠቃሚው የማጠቢያና የመሙያ ፈሳሾቹን ሳያቋርጥ ማግኘት መቻሉ አስቀድሞ መታሰብ አለበት፤ ፈሳሹ የማይገኝለት ምርጥ ሌንስ ከመነጽር የባሰ አደጋ ነውና።

ሌንስ እይታን ያስተካክላል እንጂ ሕመሙን አያቆምም። የኬራቶኮነስን መባባስ የሚገታው፣ ሪቦፍላቪን የሚባለውን ቫይታሚን ጠብታና አልትራቫዮሌት ብርሃንን የሚጠቀመው ክሮስሊንኪንግ የሚባል ሕክምና ሲሆን፣ ለእርሱ ብቁ የሆነ ወጣት ሌንስ አገኘሁ ብሎ ሊዘገይ አይገባውም። ዓይንን በጣት አንጓ ማሸትም ከሕመሙ ጋር በእጅጉ የተያያዘ ልማድ ነው፤ የሚያሳክክ የዓይን አለርጂ ያለበት ልጅ “አትሽ” ከመባሉ ይልቅ አለርጂው መታከም አለበት።

የዕለት አያያዙ የሚጀምረው በሳሙና ታጥቦ ክር በማይተው ፎጣ በደረቀ እጅ ነው። በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ የነካ ጣት አንድ ጊዜ በመታጠብ ብቻ ስለማይጠራ፣ ሌንሱን ወጥ ቤት ከመግባት በፊት ማድረግ ይመረጣል፤ ኩልም ሌንሱ ከገባ በኋላ እንጂ በፊት አይቀባም። ስክሌራሉ መከላከያ ኬሚካል በሌለው ኖርማል ሳላይን እስከ አፉ ይሞላል፤ ፊት ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ እስኪሆን ተጎንብሶ ሌንሱ ከሥር ወደ ላይ ይገፋል፤ በመሃል የአየር አረፋ ከታየም ወጥቶ እንደገና ይሞላል። ሲወጣ ትንሿ የጎማ መሳቢያ በሌንሱ ማእከል ሳይሆን ወደ ጠርዙ ቀረብ ብላ ትለጠፋለች፤ በመሃል ከተሳበ ሌንሱ እንደ ተጣበቀ ስለሚቆይ ዓይን ይጎዳል።

ሳላይን ይሞላል፣ ያለቀልቃል እንጂ ተሕዋስያንን አይገድልም። የሌሊቱን ማጽዳት የሚሠራው ለጠንካራ ሌንስ የተዘጋጀው ፈሳሽ ነው። 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ የሚጠቀም ሰው በልዩ ማስቀመጫው ውስጥ ቢያንስ 6 ሰዓት ሳይቆይ ሌንሱን ዓይኑ ላይ ካደረገ ኮርኒያው ይቃጠላል። የቧንቧ ውኃ፣ የተቀዳውም ሆነ የፈላው፣ ለሌንስም ለማስቀመጫውም አይሆንም፤ በውኃ ውስጥ የሚኖረው አካንታሚባ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ኮርኒያ ውስጥ ከገባ ሕክምናው ብዙ ወራት የሚወስድ፣ ዓይንንም ሊያጠፋ የሚችል ቁስል ያስከትላል። ውኃ በሚያጥርበት ሰፈር የሚኖር ሰው ቢቸግረው እንኳ በውኃ አለቅልቆ ከማድረግ የዚያን ቀን በመነጽር መዋል ይሻለዋል። ማስቀመጫው በየዕለቱ ፈሳሹ ተደፍቶ፣ በአዲስ የማጽጃ ፈሳሽ ታጥቦ ተከፍቶ ይደርቃል፤ በየ3 ወሩም ይለወጣል። ባለሙያው ሌላ ካላዘዘ በቀር ሌንስ አድርጎ መተኛት ክልክል ነው።

ዓይን ከቀላ፣ ከታመመ፣ ብርሃን ካስጠላው ወይም እይታው በድንገት ከደበዘዘ ሌንሱ ወዲያው ወጥቶ፣ ሳይታጠብ ከማስቀመጫውና ከተጠቀሙበት ፈሳሽ ጋር በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ይወሰዳል፤ ላቦራቶሪው ተሕዋሱን ከዓይኑ ባያገኘው ከሌንሱ ወይም ከማስቀመጫው ሊያገኘው ይችላልና።