ተርቦችን በአካል ቅርጻቸው ለይቶ ማወቅ

መግቢያ

በጣራ ገዳም ደን ዙሪያና በአዲስ ዘመን አካባቢ አደይ አበባና መች በሚያብቡበት ወራት ንብም ተርብም በአበባው ላይ ይበዛል። ወቅቱ የማር ወቅት ስለሆነ ብዙ ንብ አርቢዎች በቀፎ አጠገብ ወገበ ቀጭን ነፍሳት ሲያዩ እሳት ወይም ፀረ-ተባይ መድኃኒት ያነሣሉ። ይሁን እንጂ ተርብ ሁሉ የንብ ጠላት አይደለም። ሳይለዩ መርጨት ንቡንም የገበሬውን ረዳትም አብሮ ይጨርሳል። ስለዚህ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚከተሉትን ምልክቶች እንዲያውቁ እናሳስባለን።

1. ንብና ተርብ

የንብ ገላ ጸጉራም ነው። የሠራተኛዋ ንብ የኋላ እግር ሰፋ ያለና የአበባ ዱቄት መሸከሚያ ያለው ነው። የተርብ ገላ ግን ጸጉሩ ጥቂት ሆኖ ያብረቀርቃል፤ እግሩም ቀጭን ነው።

2. ወረቀት ሠሪ ተርብ

ሲያርፍ የፊት ክንፎቹን በቁመት ያጥፋል። ቤቱን ከታኘከ እንጨት እንደ ግራጫ ወረቀት አድርጎ ይሠራል፤ ጉድጓዶቹም ወደ ታች የተከፈቱ ናቸው። እጮቹን የሚመግበው አባጨጓሬ አድኖ ነው።

3. ጭቃ ሠሪ ተርብ

ወገቡ እንደ ክር የረዘመ ነው። ክንፉን በቁመት አያጥፍም። በግድግዳና በጣራ ሥር የጭቃ ቤት ሠርቶ በሸረሪት ይሞላዋል። ብቻውን ስለሚኖር ካልነኩት ሰውን እምብዛም አይነድፍም።

4. ንብ አዳኝ ተርብ

ጭንቅላቱ ሰፊ ሲሆን ሆዱ ቢጫና ጥቁር ነው። ሴቷ ንብን በመንደፍ አደንዝዛ በሆዷ ሥር ታቅፋ ትበራለች፤ በአሸዋማ አፈር በቆፈረችው ጉድጓድም ለእጮቿ ቀለብ ታስቀምጣለች። ቀፎን የሚጎዳው ይህ ዓይነት ስለሆነ በመረብ እየያዙ መቀነስ ይገባል።

5. የአገዳ ቆርቁር ጠላት

ኮቴሲያ የሚባለው ጥቁር ተርብ ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ትንኝ ይመስላል። እንቁላሉን በአገዳ ቆርቁር ትል ገላ ውስጥ ይጥላል። እጮቹ ትሉን ከውስጥ በልተው ሲወጡ በአጠገቡ የነጭ ድር እሽጎች ክምር ይታያል። ይህ ክምር በበቆሎ ወይም በማሽላ አገዳ ውስጥ ከተገኘ ሊጠበቅ እንጂ ሊቃጠል አይገባም።

የአፍሪካ ተወላጅ የሆነው ኮቴሲያ ሴሳሚዬና ከእስያ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1993 በኬንያ የተለቀቀው ኮቴሲያ ፍላቪፔስ በዓይን አይለያዩም። ባለሙያ የወንዱን የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ አይቶ ይለያቸዋል።

ምን ይደረግ?

ያልታወቀ ተርብ ሲገኝ በአልኮል በተሞላ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ይቀመጥ። የተገኘበት ቦታና ቀን፣ የነበረበት ተክልና ይዞት የነበረው ነገር በእርሳስ ተጽፎ ከናሙናው ጋር ወደ ምርምር ማዕከል ይላክ። በተርብ ተነድፎ ፊቱ ያበጠ ወይም መተንፈስ የተቸገረ ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ባጭሩ፣ ከመርጨት በፊት ወገቡን፣ ክንፉን፣ እግሩንና ይዞት የሚበረውን እንይ።