ኪሎ ሜትር የማይለካው ርቀት፦ በግራና እና አካባቢዋ ያለ መኪና መጓዝ

የትራንስፖርት ጥናቶቻችን በአብዛኛው የሚነሡት ከመንገድ ርዝመትና ከተሽከርካሪ ብዛት ነው። ሁለቱም ለመቁጠር ይመቻሉ። ይሁን እንጂ በአገራችን የግል መኪና ያለው ቤተሰብ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ እነዚህ መለኪያዎች የብዙኃኑን ጉዞ አያሳዩም። አውቶቡስ፣ ሚኒባስ ታክሲ እና ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የቀላል ባቡር አገልግሎት ባለባት በአዲስ አበባ እንኳ ከፍተኛውን የጉዞ ድርሻ የሚይዘው የእግር ጉዞ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ጉዳዩን ወደ ሰሜን ወሎ ሀብሩ ወረዳ ወስዶ፣ በግራና አካባቢ መኪና የሌለው ሰው ርቀትን በምን እንደሚለካ ይጠይቃል።

ከደሴ የሚመጣው አስፋልት ውርጌሳን፣ መርሳንና ሲሪንቃን አልፎ ወልድያ ይገባል። ከመርሳ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በዚህ መሥመር ዳር ለቆመ መንገደኛ ተሽከርካሪ ማግኘት ብዙም አያስቸግርም። ከመሥመሩ ገባ ላሉት ለግራና እና ለዙሪያዋ ቀበሌዎች ግን ጉዞው በአራት ይከፈላል፦ ከቤት እስከ መሳፈሪያው በእግር፣ ተሳፋሪ እስኪሞላ መጠበቅ፣ መሳፈር፣ ከዚያም ከመውረጃው እስከ ጉዳዩ ቦታ እንደገና በእግር። ከአራቱ በኪሎ ሜትር በትክክል የሚገለጸው ሦስተኛው ብቻ ነው። ባጃጅ ሳይሞላ አይነሣም። ሾፌሩን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ ባዶ ወንበር ነዳጅ አይገዛም። ስለዚህ የሃያ ደቂቃ መንገድ የአንድ ሰዓት ጥበቃ ቢጨመርበት፣ መንገዱን ጠግኖ አምስት ደቂቃ መቀነስ ለተጓዡ ያለው ትርጉም አነስተኛ ነው።

ጭነት ሲጨመር ጉዳዩ ከጊዜ ወደ ዋጋ ይሸጋገራል። የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም በከርሰ ምድር ውኃ መስኖ ላይ የሠራበት ይህ ቆላ ሽንኩርትና ፍራፍሬ ያመርታል። ማንጎ ፀሐይ ላይ ብዙ አይቆይም። አንድ ኩንታል ምርት በባጃጅ ለመላክ ገበሬው ለራሱም ለጭነቱም መክፈል አለበት፤ በአህያ ቢጭን ቀኑን ያጣል። ነጋዴው አይሱዙውን ይዞ ማሳው ድረስ ሲመጣ፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ምርቱን ማንቀሳቀስ የሚችለው ወገን ነው። በእኔ እምነት የመደራደር አቅምን የምናጠና ሰዎች ይህን ነጥብ ለግብይት ተመራማሪዎች ብቻ መተው አልነበረብንም።

በሽታና ምጥ ተራ አይጠብቁም። በወሎ ቅሬ የሚታወቀው በቀብርና በለቅሶ ሥርዓቱ ቢሆንም፣ ተሽከርካሪ በማይደርስበት ቦታ ሕመምተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መንገድ የሚያወጣውም ይኸው የጎረቤት ማኅበር ነው። በምጥ ላይ ያለች እናት አምቡላንስ ከሚደርስበት ነጥብ የምትደርሰው በሰው ትከሻ ነው ማለት ነው። ይህን አገልግሎት በትራንስፖርት ሰንጠረዥ ውስጥ የት እንመዘግበዋለን? ሸክሙን የሚለዋወጡት ጎልማሶች ቁጥር ራሱ የተደራሽነት መረጃ ነው።

ፖሊሲው ጉዳዩን ፈጽሞ አልዘነጋውም። እ.ኤ.አ. በ1997 በተጀመረው የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ማዕቀፍ ውስጥ የገጠር ጉዞና ትራንስፖርት ፕሮግራም የተሰኘ ክፍል ነበረ፤ ከመንገድ ሥራ ጎን ለጎን ጋሪንና የጋማ ከብትን የመሰሉ መካከለኛ ማጓጓዣዎችን ለማሻሻል ታስቦ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ዋና ግቡ ቀበሌዎችን ከበጋ እስከ ክረምት በሚያገለግል መንገድ ማገናኘት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቀው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ደግሞ በዋናነት የሚያተኩረው በከተሞች የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል አህያዋ፣ ጋሪውና የሴቶች ጀርባ ያለ ባለቤት ቀርተዋል። ባርዌልና ዳውሰን እ.ኤ.አ. በ1993 መንገድ ብቻውን እንደማይበቃ በመጽሐፋቸው ርእስ ሳይቀር አስታውቀው ነበር።

ለዚህ ወረዳ የሚስማማው ጥናት ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። በገበያ ቀን ከመሳፈሪያው አጠገብ ተቀምጦ እያንዳንዱ መንገደኛ ከቤቱ የወጣበትን፣ ተራ የያዘበትንና የተነሣበትን ሰዓት፣ የጭነቱን ክብደትና ለጭነቱ የከፈለውን መመዝገብ ይቻላል። ያው ምዝገባ በክረምት፣ ወንዝ በሚሞላበት ወቅት ሊደገም ይገባል። በእግሩ ያለፈውም መቆጠር አለበት፤ አለዚያ መዝገቡ የሚይዘው መሳፈሪያ የሚከፍለውን ሰው ብቻ ይሆናል።