ያረጀ ልብስ መከዳ ይሆናል

አዲስ አበባ፣ ልደታ ውስጥ፣ ሜክሲኮ የሚባል አደባባይ አለ። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር ሜክሲኮ የተባለችው አገር ወረራውን ተቃውማ ነበር፤ ስሙ ለእሷ መታሰቢያ ነው። በዚያ ሰፈር፣ እንደ ሌላውም የከተማው ሰፈር፣ «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያሉ የሚዞሩ ነጋዴዎች አሉ። ያረጀ ልብስ ወስደው የፕላስቲክ ሳህን ወይም ብርጭቆ ይሰጣሉ። የተበጣጠሰ ልብስ ግን ብዙ አያወጣም። እኛ የምንነጋገረው ስለዚህ ስለተበጣጠሰው ነው።

አያቶቻችን ከእላቂ ጨርቅ ድሪቶ ይሰፉ ነበር። መከዳም ከእላቂ ይሠራል።

በመጀመሪያ ልብሱን በውሃ እንቀቅለው። ይህን ሥራ እንዳንዘለው! ቅማልና ቅጫም የሚሸሸጉት በስፌቱ ውስጥ ነው። የልብስ ቅማል ደግሞ ተስቦ ያስተላልፋል። ሳይቀቀል የተሞላ መከዳ ለልጃችን በሽታ ማንተራስ ነው። ከተቀቀለ በኋላ ፀሐይ ላይ እናስጣው፤ እርጥበት ከቀረበት ይሻግታል።

ቁልፎቹን ፈትተን እናስቀምጥ። ለሽፋን የሱሪ እግርን የሚያህል የለም፤ ጎንና ጎኑ ቀድሞውኑ የተሰፋ ነው። ሱሪውን ገልብጠን አንዱን አፍ በወፍራም ክር እንስፋ። መልሰን እንገልብጠውና እንሙላው። የሚሞላው ጨርቅ በጣት ልክ ይቆራረጥ። እንዳለ ከጠቀጠቅነው ይጓጉልና አንገት ይቆረቁራል። ሌላውን አፍ ግን ሰፍተን አንድፈነው፤ ያስቀመጥናቸውን ቁልፎች እንትከልበት። መከዳው ሲቆሽሽ ጨርቁን አውጥተን እንደገና እንቀቅለዋለን።