ኤሌክትሮላይሲስን በባትሪ ድንጋይ ማስተማር



ኤሌክትሮላይሲስ ተማሪ ሸምድዶ ከሚያልፋቸው የኬሚስትሪ አርእስቶች አንዱ ነው። «አኖድ፣ ካቶድ» ይላል፤ አረፋዋን ግን አላያትም። ነገ ከአንበሳሜ ወጣ ብሎ ባለ የደራ ገጠር ትምህርት ቤት ብንመደብ «ላቦራቶሪ የለም» ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንዳንቀመጥ፣ ከሱቅ በሚገኝ ዕቃ የሚሠራውን ሙከራ እነሆ።

ኤሌክትሮላይሲስ ምንድን ነው?

በራሱ የማይካሄድን ኬሚካዊ ለውጥ በኮረንቲ ኃይል ማካሄድ ነው። የባትሪ ድንጋይ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በውስጡ የሚካሄደው ለውጥ ኮረንቲ ይሰጠናል። ድንጋይ እንበለው እንጂ ድንጋይ አይደለም። የተለመደው ዓይነት ዙሪያው ዚንክ፣ መካከሉ የካርቦን ዘንግ ሲሆን፣ ጥቁሩ ዱቄት የማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድና የካርቦን ድብልቅ ነው። ኮረንቲ በሰጠ ቁጥር ዚንኩ ይበላል። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ለጊዜው የሚበረታው ሙቀቱ የውስጡን ለውጥ ስለሚያነቃቃው ነው፤ የተበላው ዚንክ ግን አይመለስም።

አሠራሩ

1ኛ/ ካለቁ ሁለት ድንጋዮች የካርቦን ዘንጎቹን አውጥተን እናጥባለን። «አልካላይን» የሚል የተጻፈበትን ግን አንከፍትም።
2ኛ/ በአንድ ብርጭቆ ውኃ አንድ ማንኪያ ጨው እናሟሟለን።
3ኛ/ አራት አዳዲስ ድንጋዮችን የአንዱን አናት ከሌላው ታች እያገጣጠምን በካርቶን እንጠቀልላለን። እያንዳንዱ 1.5 ቮልት ስለሆነ በድምሩ 6 ቮልት ይሆናል።
4ኛ/ ሁለቱን ጫፎች በሽቦ ከዘንጎቹ ጋር አገናኝተን፣ ዘንጎቹን ሳይነካኩ ውኃው ውስጥ እንነክራለን።

ምን ይታያል?

በኔጌቲቩ ዘንግ (ካቶድ) ላይ ብዙ አረፋ ይወጣል፤ ይህ ሃይድሮጅን ነው። ከፖዘቲቩ (አኖድ) የበረኪና ሽታ ይመጣል፤ ይህ ደግሞ ክሎሪን ነው። ልጆች «የሶዲየም አዮንም ወደ ካቶድ ይሄድ የለም እንዴ? ታዲያ ሶዲየሙ የት አለ?» ማለታቸው አይቀርም። መልሱ ይኸውና፦ ከሶዲየም አዮን ይልቅ ውኃ ኤሌክትሮን መቀበል ይቀለዋል። ስለዚህ ሃይድሮጅን ይወጣል፣ ሶዲየሙም አዮን እንደሆነ ውኃው ውስጥ ይቀራል።

ጥንቃቄ

ክሎሪን መርዝ ነው። ሙከራው ደጅ ላይ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሠራ፤ አፍንጫ አይደቀንበት፤ እሳትም አይቅረበው። ትምህርት ቤቱ መብራት ቢኖረውም ከሶኬት ጋር ማገናኘት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ 220 ቮልት ሰው ይገድላል።

እ.ኤ.አ. በ1800 ቮልታ ባትሪውን ባስታወቀበት ዓመት፣ ኒኮልሰንና ካርላይል የተባሉ እንግሊዛውያን ውኃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ከፍለዋል። «አኖድ»፣ «ካቶድ» የሚሉት ስሞች በፋራዳይ ጽሑፍ የወጡት ከዚያ በኋላ በ1834 ነው። አረፋው ቀደመ፣ ስሙ ተከተለ ማለት ነው። እኛም ስናስተምር ቅደም ተከተሉ ይኸው ቢሆን መልካም ነው።

ለአንባቢያን ጥያቄ፦ በፖዘቲቩ በኩል በካርቦኑ ፋንታ የብረት ሚስማር ቢታሰር ውኃው ምን ይሆናል? ሠርታችሁ ያያችሁትን ጻፉልን።