አነስተኛ ስማርት ስልክ በደሴና በኮምቦልቻ ገበያ፤ ተፈላጊነቱና የሽያጩ ተስፋ

ነጋዴ ከገዢው ሁለት ዓይነት ቃል ይሰማል። አንደኛው ገዢው በአፉ የሚናገረው ነው፤ ሁለተኛው ገንዘቡን ከፍሎ የሚያረጋግጠው ነው። በእጅ ስልክ ንግድ እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ስልኩ ሁሉ ትልቅ ሆነ፥ በአንድ እጅ የሚያዝና ከኪስ የሚገባ ቢገኝ መልካም ነበር የሚል ሰው ጥቂት አይደለም፤ ዳሩ ግን ምኞቱን አምኖ ብዙ ዕቃ ያዘዘ ነጋዴ ገንዘቡ በመደርደሪያ ላይ ሊታሰርበት ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጉዳይ በማስረጃ መመርመር ነው።

በዚህ ጽሑፍ አነስተኛ ስማርት ስልክ የምንለው፥ ስክሪኑ ከማእዘን እስከ ማእዘን ሲለካ ከ6 ኢንች የማይበልጠውን ነው።

የውጭ አገር ልምድ

አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 አይፎን 12 ሚኒን ለገበያ አቀረበ። ስክሪኑ 5.4 ኢንች፥ ክብደቱም 135 ግራም ያህል ነበር። በ2021 አይፎን 13 ሚኒን አስከተለ። በ2022 ግን አይፎን 14 ሲወጣ ሚኒው ቀርቶ፥ በስፍራው ባለ 6.7 ኢንቹ ፕላስ ገባ። አሱስ የተባለው የታይዋን ኩባንያም በ2023 ባለ 5.9 ኢንች ዜንፎን 10ን ሸጦ፥ በ2024 ወደ 6.78 ኢንች ተሻገረ። እንዲህ ያሉ ባለ ብዙ ሀብት ኩባንያዎች ከትንሹ ስልክ ከራቁ፥ አመስጋኙ ከገዢው መብለጡን መገመት አያዳግትም።

ዋናው ምክንያት ባትሪው ነው። ትንሽ አካል ትልቅ ባትሪ አይሸከምም፤ የአይፎን 12 ሚኒ ባትሪ 2,200 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ ሲሆን፥ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡት ትልልቅ ስልኮች በብዛት 5,000 ይይዛሉ። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የአገራችን ሁኔታ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን ከፈተ፤ ኤም-ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ። ከዚህ የተነሣ የሁለት ድርጅት ሲም ካርድ በአንድ ስልክ መያዝ የሚፈልግ ገዢ አለ፤ አይፎን ሚኒ ግን የሚወጣና የሚገባ ሲም ካርድ የሚቀበለው አንድ ብቻ ነው።

ትንሹ ስማርት ስልክ ከበታቹም ተፎካካሪ አለበት፤ ይኸውም ባለ ቁልፉ ቀፎ ነው። ቀፎው ርካሽ ነው፥ ባትሪው ለቀናት ይቆያል፥ በ*127# ቴሌብርን ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ አነስተኛው ስልክ በላይ በትልቁ፥ በታች በቀፎው ተጨንቆ ይገኛል።

ቢሆንም ፈላጊ አያጣም። በደሴ ፒያሳም ሆነ በኮምቦልቻ፥ ትልቁን ስልክ ቤት አስቀምጦ ለሥራ ሁለተኛ ስልክ የሚይዝ፥ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ፥ ወይም እጁ ትንሽ የሆነ ሰው ይህን ዕቃ ሊመርጥ ይችላል። ፈላጊው የተለየና ጥቂት መሆኑን ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

የሒሳብ ትምህርት

ለምሳሌ አንድ ነጋዴ 20 ስልክ፥ አንዱን በ12,000 ብር ገዛ እንበል። ካፒታሉ 240,000 ብር ነው። ከእያንዳንዱ 1,000 ብር እያተረፈ 15ቱን ሸጠ፤ ትርፉ 15,000 ብር ሆነ። የቀሩት 5 ስልኮች ቆይተው አዲስ ሞዴል ስለ መጣባቸው በ9,000 ብር ተሸጡ፤ ኪሳራው 15,000 ብር ነው። ከአራት ስልክ ሦስቱን በትርፍ የሸጠ ሰው በመጨረሻ ባዶ እጁን ቀረ ማለት ነው።

ይህ ሒሳብ ለወሎ ነጋዴ የበለጠ ይከብዳል። ከጥቅምት እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች በጦርነት ተይዘው በነበረ ጊዜ ብዙ ሱቅ ተዘርፏል፤ ካፒታሉን ከባዶ የሰበሰበ አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህም አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለ ደረሰ፥ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ መተኪያው ውድ ሆኗል። የታሰረ ብር ዕለት ዕለት የመግዛት ኃይሉ ይቀንሳል።

ምክር

1ኛ፤ ከ20 ስልክ ትእዛዝ ውስጥ አነስተኛው ከ2 ባይበልጥ ይመረጣል፤ ሲያልቅ መጨመር ይቻላል።

2ኛ፤ ትንሽ ስልክ የጠየቀንና ከፍሎ የወሰደን ለየብቻ በመዝገብ መጻፍ ይገባል። ከሦስት ወር በኋላ መዝገቡ ከወሬ የተሻለ መካሪ ይሆናል።

3ኛ፤ ሁለት ሲም ካርድ የሚቀበል፥ የአማርኛ ጽሕፈት ያለውና ባትሪው ጠንካራ የሆነውን ማስቀደም ነው።

4ኛ፤ የሚኒ ምርት ስለ ቆመ ያገለገለ የሚገዛ ነጋዴ የባትሪውን ጤንነት አስቀድሞ ይመርምር፤ ስክሪንና ባትሪ በቅርብ መገኘታቸውንም ያረጋግጥ።

5ኛ፤ ጉድለቱን ለገዢው ሳይደብቁ መንገር ይገባል። ባትሪው ቶሎ እንደሚያልቅ አውቆ የገዛ ሰው በማግስቱ ስልኩን ይዞ አይመለስም።

በጠቅላላው አነስተኛ ስማርት ስልክ በሁለቱ ከተሞች ጠባብ ገበያ አለው። ለይቶና መጥኖ የሚያመጣው ይጠቀምበታል፤ ምስጋናውን እንደ ሽያጭ የሚቈጥር ግን ይጎዳል።