ሞኒተሩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሲሄድ፦ የሆስፒታል ድራማ ስናይ ልናውቀው የሚገባ



አያቴ በቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ የሚቀርቡትን የቱርክ ድራማዎች ሲከታተሉ ቤታችን ውስጥ ማንም ትንፍሽ አይልም። እኔ ደግሞ የግሬይስ አናቶሚ ሱሰኛ ነኝ፤ ነርሲንግ የገባሁት በከፊል በሱ ምክንያት ነው ብል አላፍርም። እሳቸው የኔን «ደም ብቻ» ይሉታል። እኔ የሳቸውን «አንድ ሰው በር እስኪከፍት ሦስት ክፍል የሚፈጅ» እለዋለሁ። በአንድ ትዕይንት ግን ሁለቱም ይገናኛሉ። የታካሚው ልብ ይቆማል፣ ሞኒተሩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሄዳል፣ ረጅም ጩኸት ይሰማል። ሐኪሙ የኤሌክትሪኩን መሣሪያ አንስቶ «ዞር በሉ!» ይላል፣ በሽተኛው ከአልጋው ነጠር ይላል፣ መስመሩ መዝለል ይጀምራል፣ ቤተሰቡ ተቃቅፎ ያለቅሳል። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህች ትዕይንት ነው።

ይህን ያህል ምን አስጨነቀሽ ትሉኝ ይሆናል። 17 ዓመቴ እያለ አያቴ በሳንባ ምች ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሟ የመጣችው አስተርጓሚ ሳይኖር ስለነበር እንደተለመደው እኔ ተተካሁ። ጥያቄዋን እንዲህ ብዬ አቀረብኩት፦ «እማማ፣ ልብዎ ቢቆም እንዲያስነሱዎት ይፈልጋሉ ወይ?» አጎቴ ተቆጣ። «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ያስነሷት እንጂ!» አለ። አያቴ «እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ። ሐኪሟም ጽፋ ሄደች።

ነርሲንግ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው የገባኝ። እኔ የተረጎምኩት የሐኪሟን ጥያቄ ሳይሆን የቴሌቪዥኑን ትዕይንት ነበር። «ማስነሳት» ስል በአእምሮዬ የነበረው ያ ነጠር የሚለው በሽተኛ ነው። ተነስቶ ቤተሰቡን የሚያቅፈው። እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ ማን እምቢ ይላል?

እስቲ ከመስመሩ እንጀምር። ቀጥ ያለ መስመር ማለት የልብ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ጨርሶ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ኤሲስቶሊ ይባላል። በኤሌክትሪክ አይመታም! ዲፊብሪሌተር የሚጠቅመው ልብ ሳይጠፋ ሲተራመስ ነው፣ ማለትም ጡንቻው ያለ ሥርዓት እየተንቀጠቀጠ ደም መግፋት ሲያቅተው። የማኅበራችንን ስብሰባ አስቡት፦ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጮኽ ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መትቶ ዝም ያሰኛል፣ ከዚያ ወግ ያለው ንግግር ሊቀጥል ይችላል። አዳራሹ ባዶ ከሆነ ግን ጠረጴዛ መምታት ምን ይሠራል? ለቀጥታው መስመር ያለው ሕክምና ደረት መጫን፣ ኤፒነፍሪን መስጠትና ልቡን ያቆመውን ምክንያት መፈለግ ነው። ይህ ግን ለካሜራ አይመችም።

ደረት መጫኑም ቢሆን በድራማ ውስጥ ማሳጅ ይመስላል። ተዋናዮቹ ክርናቸውን አጥፈው ነካ ነካ ያደርጋሉ። አልፈርድባቸውም፤ በደህና ሰው ደረት ላይ በትክክል ቢጫኑ ይጎዱታል። ለአዋቂ ሰው ትክክለኛው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ነው። በተለይ በአረጋውያን ላይ የጎድን አጥንት ይሰበራል። እኔ በአሻንጉሊቱ ላይ ስለማመድ ገና ሁለት ደቂቃ ሳልሞላ ላብ በላብ ሆኛለሁ። በየሁለት ደቂቃው ሰው የሚቀያየረውም ለዚህ ነው።

ውጤቱስ? በ1996 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣ ጥናት ኢአርን፣ ቺካጎ ሆፕንና ሬስኪው 911ን መርምሮ ነበር። በነዚህ ፕሮግራሞች ሲፒአር ከተደረገላቸው ሰዎች 75 በመቶው ወዲያው ይተርፋሉ፤ 67 በመቶው ድነው ከሆስፒታል የሚወጡ ይመስላል። በእውነተኛው ዓለም፣ አሜሪካ ውስጥ፣ ሆስፒታል ተኝተው ልባቸው ከቆመ አዋቂዎች በሕይወት የሚወጡት ከአራት ወይም ከአምስት አንድ ያህል ናቸው። ከሆስፒታል ውጭ ሲሆን ደግሞ ከ100 ሰው 10 ያህሉ።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ሲፒአር ከንቱ ነው» የሚል ሰው እንዳይኖር። ከፊታችሁ ሰው ወድቆ ትንፋሽ ካጣ ወዲያው ድንገተኛ እርዳታ ጥሩና መጫን ጀምሩ። ልቡ እየተተራመሰ ላለ ሰው ያለ እርዳታ የሚያልፍ እያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉን ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። በየአየር ማረፊያውና በየጂሙ የተሰቀለው ኤኢዲ መምታት ያስፈልግ እንደሆነ ራሱ መርምሮ በድምፅ ይነግራችኋል። ድራማዎቹን የምከሳቸው እዚህም ላይ ነው፤ ሁልጊዜ የሚያድነው መልከ መልካሙ ሐኪም ነው፣ አጠገብ የቆመው ሰው አልቃሽ ብቻ ነው።

ነርሶችማ የሉም ማለት ይቻላል። በግሬይስ አናቶሚ ሐኪሞቹ ደም ይቀዳሉ፣ መድኃኒት ይሰጣሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ አልጋ አጠገብ ይቀመጣሉ። (መቼ ነው የሚተኙት?) በ2025 የጀመረው ዘ ፒት ግን ልቤን አሸንፎታል። የመጀመሪያው ሲዝን 15 ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ የአንድ የሥራ ፈረቃ አንድ ሰዓት ነው። የፈረቃው ኃላፊ ነርስ ዴና ኤቫንስ ክፍሉን ቀጥ አድርጋ ትይዛለች፤ የተጫወተቻት ካትሪን ላናሳ በዚያው ዓመት ኤሚ ተሸልማለች። ከሥዕል መጻሕፍት ደግሞ በ2017 የወጣውን የኤም ኬ ቸርዊክን ቴኪንግ ተርንስ ፈልጉ። ደራሲዋ ቺካጎ ውስጥ የኤድስ ታካሚዎች ክፍል ነርስ ነበረች፤ ያየችውን ራሷ ሥላ ጽፋዋለች። በሥዕል ውስጥ የሞኒተር ጩኸትም የሚያስለቅስ ሙዚቃም የለም፤ ሞት ዝም ብሎ ሲመጣ ይታያል።

በዘ ፒት ውስጥ ሚስተር ስፔንሰር የሚባሉ አዛውንት አሉ። ቱቦ እንዳይገባባቸው አስቀድመው በጽሑፍ አስታውቀዋል፤ ልጆቻቸው ግን አባታቸውን መልቀቅ አቅቷቸው ይግባላቸው ይላሉ። ይህን ከአያቴ ጋር ሆኜ እየተረጎምኩላቸው አየሁት። ደሙ ሲበዛ ዓይናቸውን በነጠላቸው ይሸፍኑ ነበር፤ አዛውንቱ ሲመጡ ግን ገልጠው አዩ። ሲያልቅ ያንን የድሮ ጥያቄ እንደገና ጠየቅኳቸው፦

«እማማ፣ ልብዎ ቆሞ ነፍስዎ ልትወጣ ስትል ደረትዎን በኃይል ሊጫኑ፣ በጉሮሮዎ ቱቦ ሊያስገቡ ይችላሉ። አጥንት ሊሰበር ይችላል። አንዳንዴ ይሳካል፣ ብዙ ጊዜ ግን አይሳካም። እንዲሞክሩ ይፈልጋሉ?»

ዝም ብለው ቆዩና «አንቺ ልጅ፣ ያኔ እንዲህ ብለሽ አልጠየቅሽኝማ!» አሉ።

መልሳቸውን የነገሩት በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪማቸው ነው። አስቀድመን ደውለን አስተርጓሚ እንዲመደብ ጠየቅን። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ ማቅረብ አለበት፤ ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ዕድሜው ያልደረሰ ልጅን ማስተርጎም አይፈቀድም። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ቦርሳቸውን ይዤ ነበር። አጎቴም ነበረ፤ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።